ስለ ጌም ስናወራ ምሬት ለምን ይጥመናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጌም የሚወዱ ሰዎች ስለሚወዱት ነገር ሲያወሩ ይህን ያህል ለምን እንደሚያማርሩ ለሚገርማቸው ሁሉ፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ስለ ጌም በሚወራበት ቦታ ሁሉ ምሬት የሚበዛው ለምንድን ነው?

ቀላሉን ምክንያት እናስቀድም። ጌሙ የተመቸው ሰው እየተጫወተ ነው። ሲደክመው ይተኛል፣ በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ቁጭ ብሎ የሚጽፍበት ጊዜም ምክንያትም የለውም። ጌሙ ያበሳጨው ሰው ግን መጫወቱን ትቶታል። ጊዜ አለው፣ የሚናገረውም ሞልቶታል። ስለዚህ የምናነበው ገና ከመነሻው ወደ ቅሬታ ያጋደለ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አእምሯችን ነው። በ2001 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አገላብጠው አንድ ነገር አሳዩ። በስሜትም ሆነ በትዝታ፣ በወዳጅነትም ሆነ በትምህርት፣ መጥፎ ነገር ከጥሩው በልጦ ሰውን ይነካል። ይህ ለጌም ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ነገር ነው።

እኔ ዋናው ነው የምለው ግን ሦስተኛው ነው። እሱም የጨዋታው፣ ማለትም የወሬው፣ ተፈጥሮ ነው። ምሬት ለወሬ ሥራ ይሰጠዋል። ምስጋና ደግሞ ብዙ ጊዜ ወሬውን ይዘጋዋል። ይህን ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

ታዲያ አብዛኛው ተጫዋች የሚጫወተውን ጌም አይወደውም ማለት ነው?

አይደለም። ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ተጫዋቾች የሚሰጡትን ድምፅ ብታዩ ከአሉታዊው ይልቅ አዎንታዊው ይበዛል። «እጅግ በጣም አዎንታዊ» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ጌሞች ብዙ ናቸው። ችግሩ፣ «ወድጄዋለሁ» ብሎ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ድምፁ አይሰማም። ሲከራከር የሚያድረው ሌላው ነው።

የኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ኢንፊኒት ዋርፌርን ታሪክ እዩ። በ2016 የመጀመሪያ ትሬይለሩ (ማስተዋወቂያ ቪዲዮው) ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ከ3 ሚሊዮን በላይ ዲስላይክ ዘነበበት። ያኔ ወሬውን ብቻ የተከታተለ ሰው ጌሙ ሳይወጣ ሞቷል ብሎ መማል ይችል ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ በአሜሪካ ገበያ በሽያጭ አንደኛ የወጣው ጌም ግን እሱ ራሱ ሆነ። በትሬይለሩ የተናደዱት ሰዎች ንዴታቸው የውሸት አልነበረም። ግን ጌም ገዢው ሁሉ እነሱ አልነበሩም።

ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉት ሁልጊዜም ጥቂቶች ናቸው። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2006 ባቀረበው ግምት ከመቶው ሰው 90ው ያነባል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ 1ዱ ብዙውን ይጽፋል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም መልኩ ይኸው ነው።

መጥፎው ነገር ብቻ አእምሮ ላይ የሚቀረው ለምንድን ነው?

40 ሰዓት የተጫወታችሁትን አንድ ጌም አስቡ። 39ኙን ሰዓት ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ሠርቷል። በሩ ሲነካ ይከፈታል። ጠላቱ ሲመታ ይወድቃል። ካሜራው እናንተን ተከትሎ ይዞራል። በ40ኛው ሰዓት ሴቭ ያደረጋችሁት ፋይል ይበላሻል። ከወር በኋላ ለጓደኛችሁ የምትነግሩት የትኛውን ነው?

በጌም ውስጥ ጥሩ ሥራ ብዙ ጊዜ አይታይም። ካሜራ መኖሩ ራሱ ትዝ የሚለን ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ምንም አላሳይ ሲለን ነው። የሰለጠነ ሰው ወራት ፈጅቶ ያስተካከለውን ነገር ተጫዋቹ ሳያውቀው ያልፋል፤ እንዲያልፍም ነው የተሠራው። ስህተቱ ግን ከርቀት ይታያል። እንግዲህ ካየነው ውስጥ የምናወራ ከሆነ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

በዚያ ላይ የማጣት ነገር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ ከ1979 ጀምሮ እንዳሳዩት፣ ያንኑ ያህል ነገር ከማግኘት ይልቅ ማጣት በርትቶ ይሰማናል። አንድ መሣሪያ በአዲስ አፕዴት ኃይሉ ሲቀነስ የሚነሳውን ጩኸትና ሌላ መሣሪያ ሲጠነክር የሚሰማውን ጸጥታ ያየ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

እሺ፣ ግን ማማረሩ ራሱ ለምን ደስ ይላል?

አንድ ሰው «ሙዚቃው በጣም ያምራል» ብሎ ይጻፍ። ምን ይመለስለታል? «እውነት ነው»፣ «እኔም ወድጄዋለሁ»፣ ሁለት የልብ ምልክት። አለቀ። ሌላው ደግሞ «የመጨረሻው ቦስ (ዋናው ጠላት) ሚዛኑን ስቷል» ይበል። አንዱ «አንተ ስላልቻልክ ነው» ይለዋል። ሌላው «አይ፣ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ማምለጫ ጊዜ አይሰጥም» ብሎ ያግዘዋል። ሦስተኛው ቪዲዮ ያመጣል። አራተኛው ከፓቹ (ከማስተካከያው አፕዴት) በፊትና በኋላ ስንት ይመታ እንደነበር ቁጥር ይዞ ከተፍ ይላል። አምስተኛው የቀድሞውን ክፍል እያነሳ ይቆጫል። ማታ የተጀመረው ወሬ ሲነጋም አላለቀም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች እየተዝናኑ ነው። ችግር አገኙ፣ ፈቱት፣ ወገን ለዩ፣ ያወቁትን አሳዩ። ጌም የሚሰጠን ደስታ እኮ ይኸው ነው። የተበላሸ ቦስ ለወሬ የሚሆን ሌላ ጌም ሆነላቸው። ምስጋና ይህን አይሰጥም፤ የሚፈታ ነገር የለውምና። ምሬት ይጥመናል ስንል ክፉ ስለሆንን ይመስለናል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የሚጥመን አብሮ መሥራቱ ነው።

አብሮነቱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ጄኒፈር ቦሰንና ባልደረቦቿ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድን ሦስተኛ ሰው ሁለቱም እንደማይወዱት ሲያውቁ፣ ሁለቱም እንደሚወዱት ከማወቅ ይልቅ ይበልጥ ያቀራርባቸዋል። «አንተንም አናደደህ?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ወዳጅነት አለ። ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ የተረገመ ሚሽን አብሮ መበሳጨት ልብ ያሞቃል።

የሚነቅፍ ሰው ብልህ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ስለምናስበው ነው እንጂ ስለሆነ አይደለም። ቴሬሳ አማቢሌ በ1983 ባሳተመችው ጥናት ተሳታፊዎች የመጻሕፍት ግምገማዎችን አንብበው ገምጋሚዎቹን እንዲመዝኑ አደረገች። የነቀፉት ገምጋሚዎች ካመሰገኑት የበለጠ አስተዋይና አዋቂ ተደርገው ታዩ። የሚገርመው፣ አመስጋኙ የጻፈው በይዘት የተሻለ ነው ተብሎ ለብቻው በተመዘነበት ጊዜም ውጤቱ አልተለወጠም። ነቃፊዎቹ ያጡት አንድ ነገር ነው፤ ሰው አልወደዳቸውም።

ጌም ውስጥ ይህ ትልቅ ቦታ አለው። «ወድጄዋለሁ» የሚል ሰው ራሱን ያጋልጣል። ነገ ጌሙ ቢወድቅ «አንተ አይደለህ ያመሰገንከው?» ይባላል። የነቀፈ ሰው ግን ብዙም አያጣም። ጌሙ ቢወድቅ «ብያችሁ ነበር» ይላል፤ ቢሳካ ማንም አያስታውሰውም። የተናዳጅ ገምጋሚ ወግም ከድሮ ጀምሮ አለ። «አንግሪ ቪዲዮ ጌም ነርድ» የተባለውን ገጸ ባሕርይ ጄምስ ሮልፍ የፈጠረው በ2004 ነው፤ ዩቲዩብ ገና አልነበረም። እሱ ግን የሚቆጣው በትወና ነበር፤ ጌሙንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየፈተሸ ነበር የሚቆጣው። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ቁጣውን ወስደው ፍተሻውን ተዉት።

ዩቲዩበሮችና አልጎሪዝሙስ?

ድርሻ አላቸው። አልጎሪዝም የምለው ለማን ምን እንደሚታይ የሚመርጠውን የድረ ገጾቹን አሠራር ነው። በ2023 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ100 ሺህ በላይ የዜና ርዕስ አማራጮችን መርምሮ፣ በርዕሱ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ አሉታዊ ቃል ክሊኩን በ2.3 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚያደርገው አሳይቷል። ፌስቡክም ከ2017 ጀምሮ የቁጣውን ምልክት ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይመዝናቸው ነበር። ለቁጣው ምልክት የሚሰጠውን ክብደት ወደ ዜሮ ያወረደው በ2020 ነው።

ዩቲዩብ ላይ ያለውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። የተከፈተ አፍ፣ ቀይ ቀስት፣ «ይህ ጌም አበቃለት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ። ያ ሰው ጌሙን ይጠላዋል ማለት ላይሆን ይችላል። በየቀኑ ቪዲዮ ማውጣት አለበት። ጥሩ ጌም አንድ ቪዲዮ ይወጣዋል፤ የተበላሸ ጌም ግን ለሦስት ወር እንጀራ ነው። መጀመሪያ «ስጋት አለኝ»፣ ቀጥሎ «አደጋ ነው»፣ ቀጥሎ «ስቱዲዮው ምላሽ ሰጠ»፣ ቀጥሎ «ምላሹ ነገሩን አባባሰው»።

ሁሉንም በአልጎሪዝሙ ማላከክ ግን ልክ አይመስለኝም። ዮና በርገርና ካትሪን ሚልክማን በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ለሰው የሚልከው ቁጣንና ጭንቀትን ብቻ አይደለም። የሚያስደምም ነገርም በብዛት ይላካል። ሼር የማይደረገው ቀዝቃዛው ነው። ስለዚህ «ጥሩ ነው፣ ግዙት» የሚለው ቀዝቃዛ ምስጋና የሚሸነፈው አዎንታዊ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ደብዛዛ ስለሆነም ነው።

3,000 ሰዓት ተጫውቶ «አልመክርም» የሚል ሰው እውነቱን ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። ብዙዎች ይስቁበታል፤ እኔ ግን ከማንም በፊት የማነበው እሱን ነው። ዛሬ ያለው ጌም የዛሬ አራት ዓመት የጀመረው ጌም አይደለም። በየወቅቱ አፕዴት የሚደረግ ጌም ሕጉ ይቀየራል፣ ሱቁ ይሰፋል፣ የለመዱት ካርታ ይነሳል። ያ ሰው 2,500ውን ሰዓት በደስታ ተጫውቶ ቀሪውን 500 ደግሞ «ይመለስ ይሆናል» እያለ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። የሚያዝነው ስለወደደው ነው። ለማይወዱት ጌም ማንም 3,000 ሰዓት አያለቅስም።

የተጫዋች ምሬትና የተጫዋች እጅ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም ደግሞ። በ2009 የኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ሞደርን ዋርፌር 2 የፒሲ ቅጂ ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር የሚያቆሙበትን አሠራር ሲያስቀር፣ «አንገዛም» የሚል ቡድን ስቲም ላይ ተመሠረተ። ጌሙ በወጣ ቀን አንድ ሰው የቡድኑን አባላት ዝርዝር ፎቶ አንስቶ አሰራጨው። ከስማቸው ሥር «አሁን እየተጫወተ ነው፦ ሞደርን ዋርፌር 2» የሚል ጽሑፍ ተደርድሮ ነበር። ይህን ግብዝነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለእኔ ግን የሚነግረኝ ሌላ ነው። በጣም የጮኹት በጣም የጓጉት ነበሩ።

ሃይፕ (ጌም ሳይወጣ የሚነዛው ጉጉት) ነገሩን ያባብሰዋል?

እጅግ። ሰው የሚናደደው ባገኘው መጠን ሳይሆን፣ በጠበቀውና ባገኘው መካከል ባለው ልዩነት ነው። ኖ ማንስ ስካይ በኦገስት 2016 ሲወጣ በራሱ መጥፎ ጌም ስለነበር ብቻ አልነበረም ያ ሁሉ ቁጣ። ተጫዋቾች እርስ በርስ ይገናኙበታል ተብሎ ሲጠበቅ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ቆመው መተያየት አልቻሉም። ጌሙን የሠራው ሄሎ ጌምስ ትንሽ ስቱዲዮ ነበር። ክርክር ውስጥ ሳይገባ ለወራት አፉን ዘግቶ ሠራ። በነፃ አፕዴት ላይ አፕዴት እያከታተለ፣ በ2018 ሙሉ መልቲፕሌየር (ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትበትን አሠራር) ጨመረ። በ2024 የስቲም ጠቅላላ ግምገማው «በጣም አዎንታዊ» ደረሰ።

ሳይበርፐንክ 2077ም እንዲሁ ነው። በዲሴምበር 10፣ 2020 ወጣ። በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች (የጌም ማጫወቻ ማሽኖች) ላይ ስለተንኮታኮተ ሶኒ በሳምንቱ ከፕሌይስቴሽን መደብር አነሳው። በ2023 ግን ከ2.0 አፕዴትና ፋንተም ሊበርቲ ከተባለው ተጨማሪ ክፍል ጋር ብዙ ሰው «አሁን ተጫወቱት» ማለት ጀመረ። ሁለቱም ታሪኮች ላይ ልብ የምለው፣ ይቅርታው ከቁጣው ይልቅ እጅግ የዘገየ መሆኑን ነው። ቁጣው ቀናት ፈጀበት፤ ይቅርታው ዓመታት።

ምሬት ለውጥ አምጥቶ ያውቃል?

በደንብ ነዋ። ማማረርን ጨርሶ የሚጠሉ ሰዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል፤ መዝለል ግን የለበትም።

በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት፣ ያገለገለ ዲስክ መለዋወጥም ገደብ ይኖረዋል ሲል ተጫዋቹ ተነሳበት። ገና ኮንሶሉ ሳይሸጥ በጁን ወር ውሳኔው ተሻረ። በኖቬምበር 2017 የስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 ተጫዋቾች ዳርዝ ቬደርን የመሰለ ገጸ ባሕርይ ለመክፈት ወደ 40 ሰዓት እንደሚፈጅ አሰሉ። የጌሙ አሳታሚ የኢኤ ምላሽ፣ ዓላማው ተጫዋቹ «የኩራትና የስኬት ስሜት» እንዲያገኝ ነው የሚል ነበር። ያ አንድ መልስ ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ከ660 ሺህ በላይ አሉታዊ ድምፅ አገኘ፤ በጊነስ መዝገብም ሰፈረ። ጌሙ በይፋ ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት በገንዘብ የሚገዛው ነገር ሁሉ ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በአንዳንድ ጌሞች ውስጥ ያሉት ሎት ቦክሶች (ውስጣቸው ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚከፈቱ የዕድል ሳጥኖች) የአገሪቱን የቁማር ሕግ እንደሚጥሱ አሳወቀ። ከጌም ተጫዋቾች ብስጭት የተነሳ ነገር እዚህ ድረስ ሄደ።

ሄልዳይቨርስ 2ን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በሜይ 2024 ሶኒ የፒሲ ተጫዋቾች የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት እንዲያገናኙ ሊያስገድድ ነው ተባለ። አገልግሎቱ በይፋ በሌለባቸው አገሮች ጌሙን የገዙ ሰዎች ሜዳ ላይ ሊቀሩ ሆነ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ ግምገማ ጎረፈ፤ ሶኒም ውሳኔውን ተወው። እነዚህን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ቅሬታው ምን እንዲሆን እንደሚፈልግ ግልጽ ነበር፤ ሊመለስ የሚችል ጥያቄም ነበር።

የማስ ኢፌክት 3 ነገር ግን ያወዛግበኛል። በ2012 ሰው መጨረሻውን ስላልወደደው ስቱዲዮው በነፃ የተራዘመ መጨረሻ ሠራ። የተጫዋቹ ቅሬታ ገብቶኛል። ግን አንድ ደራሲ ታሪኩን በጩኸት ብዛት እንዲያርም ሲሆን ደስ አይለኝም።

ሪቪው ቦምቢንግ ምንድን ነው? ልክ ነው?

ብዙ ሰው ተጠራርቶ በአንድ ጊዜ ጌምን በአሉታዊ ግምገማ ማጥለቅለቅ ነው። ልክነቱ እንደ ምክንያቱ ነው። ጌሙ ላይ የደረሰ ነገር ከሆነ፣ የሄልዳይቨርስን ዓይነት ማለቴ ነው፣ ገዢው ያለው መሣሪያ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከጌሙ ጋር የማይገናኝ ጠብ ከሆነ ግን ለመግዛት የሚያስበውን ሰው ማሳሳት ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭም በ2019 ከጌሙ ጋር ያልተያያዙ ዘመቻዎችን ከጠቅላላ ውጤቱ ውጭ ማድረግ ጀምሯል።

ሳይጫወቱ መገምገም ደግሞ ሌላ ነው። በ2020 ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 በወጣ በሰዓታት ውስጥ የግምገማ ውጤቶችን በሚሰበስበው ድረ ገጽ በሜታክሪቲክ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዜሮ ተደረደረ። ጌሙ ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሜታክሪቲክ ከዚያ በኋላ የተጠቃሚዎች ግምገማ ጌም ከወጣ ከ36 ሰዓት በፊት እንዳይገባ አደረገ።

ሂስ ጥቃት የሚሆነው የት ላይ ነው?

ሥራውን ትቶ ሰውየው ላይ ሲወርድ። በዚያው በ2020 የዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2ን አንድ ገጸ ባሕርይ በድምፅ የተጫወተችው ተዋናይት የግድያ ዛቻ ደረሳት። ታሪኩን የጻፈችው እሷ አይደለችም፤ ብትጽፈውም ኖሮ ምንም አይለውጥም። ይህን «ተጫዋቾች ስሜታዊ ናቸው» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። በጌም ወሬ ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ምሬት የምከላከል ብሆንም እዚህ ላይ የምከላከለው ነገር የለም።

ብስጭትን ተንፍሶ ማውጣት አይጠቅምም?

ብዙዎቻችን «ልተንፍሰው፣ ይቀለኛል» እንላለን። ብራድ ቡሽማን በ2002 ይህን ፈትኗል። የተናደዱ ሰዎችን ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ አደረገ። ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ የባሰ ተቆጡ። የተሸነፉበትን ራንክድ (ለደረጃ የሚደረግ) ግጥሚያ ወዲያው እየጻፉ ማብጠልጠልም እንደዚያው ይመስለኛል። አንዱን ሽንፈት ሦስቴ መሸነፍ ነው።

የምወደውን ጌም ሁሉም ሲያጣጥሉት ሳይ ደስታዬ ይጠፋል። ምን ላድርግ?

ጌሙን ሳትጨርሱ ስለ እሱ የተባለውን አታንብቡ። ይህ ትልቁ ነው። ሰው «አኒሜሽኑ ደካማ ነው» ካላችሁ በኋላ አይናችሁ አኒሜሽኑን ብቻ ያያል፤ ከዚያ በፊት ግን አላስቸገራችሁም ነበር። ጨርሳችሁ፣ የራሳችሁን ሐሳብ ይዛችሁ ከገባችሁ ግን የሌላው ነቀፋ ያስደስታል እንኳ። አንዳንዱ ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዱን ትስቁበታላችሁ።

ሌላው፣ የምትወዱት ጌም ሲነቀፍ እናንተ እንደተነቀፋችሁ አይሁን። ይህን ማለት ቀላል፣ ማድረግ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በተለይ በከፋ ጊዜ ያጽናናን ጌም ከሆነ ያማል። ቢሆንም ሰውየው የሚያወራው ስለ ጌሙ ነው።

ጥሩ ነገር መናገር የሚከብደው ለምንድን ነው? እንዴት ቢጻፍ ይነበባል?

ምክንያቱም የተበላሸ ነገር ራሱን ያሳያል፤ የተሳካን ነገር ግን መፈለግ ያስፈልጋል። «ቁጥጥሩ ይመቻል» ማለት ማንንም አያነቃንቅም። እስቲ ሴሌስትን እንውሰድ። በ2018 የወጣ፣ ተራራ የሚወጣበት ጌም ነው። ሁሉም «ከባድ ነው፣ ግን አይበድልም» ይሉታል። ለምን?

ገጸ ባሕርይዋ ከገደሉ ጫፍ ካለፈች በኋላ፣ እግሯ አየር ላይ ሆኖ እንኳ፣ ለቅጽበት ያህል ዝላይ ይፈቀድላታል። መሬት ልትነካ ስትል ትንሽ ቀድማችሁ ብትጫኑም ጌሙ ያስታውስላችኋል፤ እንደነካች ትዘላለች። ማለትም እጃችሁ ሲዘገይም ሲቸኩልም ጌሙ በጸጥታ ይሸፍንላችኋል። እናንተ ግን «ጎበዝ ነኝ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ስንት ሰው ጌሙን እንደገና ሊከፍት እንደሚሮጥ አስቡት። ይህ ምስጋና ወሬ አይዘጋም። «ሌላ ምን ደብቆናል?» የሚል ይመጣል፣ ከሌላ ጌም ጋር የሚያነጻጽር ይመጣል፣ «እኔ ጋ ግን አልሠራም» የሚል ተከራካሪም አይጠፋም።

ቅሬታዬ በገንቢዎቹ ዘንድ እንዲሰማ እንዴት ልጻፈው?

የሆነውን ጻፉ። የት ደርሳችሁ ነበር? ምን ተጫናችሁ? ምን ጠበቃችሁ፣ ምን መጣ? በምን ማሽን፣ በየትኛው ፓች? «ኦፕቲማይዜሽኑ (ጌሙ ማሽኑ ላይ ቀልጥፎ እንዲሠራ መስተካከሉ) ቆሻሻ ነው» የሚለውን ያነበበ ፕሮግራመር የሚሠራው ነገር የለም። «ገበያው ውስጥ ስገባ ፍሬም ሬቱ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ከ60 ወደ 20 ይወርዳል፣ ስወጣ ይመለሳል» ያላችሁትን ግን ያንኑ ቀን ሊፈትሸው ይችላል።

መፍትሔውን ለእነሱ መተውም ደግ ነው። ተጫዋች የሚያመውን ቦታ በማሳየት አይሳሳትም ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱን ሲያዝ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። «ይህ ጠላት ጉልበቱ ይቀነስ» ብለን የምንጮኸው ጠላቱ ስለበረታ ሳይሆን፣ ሊመታን ሲል ምልክት ስለማያሳይ ሊሆን ይችላል።

ጥሩ ጥሩው ብቻ የሚወራበት ቦታ ቢከፈት ችግሩ አይፈታም?

ተሞክሯል። ሳይበርፐንክና ዴስቲኒን የመሳሰሉ ጌሞች አድናቂዎች ከዋናው ተለይተው ምሬት የማይበዛበት የራሳቸውን ቦታ ሬዲት ላይ ከፍተዋል። ለብዙ ሰው እፎይታ ነው። ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ገጸ ባሕርያቸውን ያሳያሉ፣ አዲስ የገባውን ይረዳሉ። እነዚህን ቦታዎች የሚያናንቅ ሰው ቁጣ በተሞላ ቦታ ስለሚወደው ጌም ማውራት ሞክሮ አያውቅም።

ችግር የሚመጣው ሕጉ ሲጠብቅ ነው። «ጌሙ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይዘጋብኛል» ያለ ሰው «እዚህ አይማረርም» ከተባለ፣ ከእሱ ኋላ የሚመጡት አምስት ሰዎችም መፍትሔውን አያገኙም። ሁሉም ሁሉን ካመሰገነ ደግሞ ምስጋናው ከማስታወቂያ አይለይም፤ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ምንም አይማርበትም። የሚሠራ የሚመስለኝ መካከለኛው ነው። ቅሬታ ይፈቀዳል፣ ግን ስለ ጌሙ ይሁን። በየቀኑ የሚደጋገመው አንድ ዓይነት ቅሬታ በሳምንት አንድ ቦታ ይሰብሰብ፤ ሌላው ቦታ ለሌላው ወሬ ይተው። እንዲህ የሚያደርጉ ቡድኖች ውስጥ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) የሚያሳውቁትም፣ ስለ አንድ ዝላይ ሦስት አንቀጽ የሚጽፉትም እዚያው አብረው ይኖራሉ።